ጆቫኒ ጋብሪየሊ፤ የናስ ሙዚቃ ደራሲ

ስለ ኤውሮፓ ሙዚቃ በተነሣ ቁጥር ባኽ፣ ሞዛርትና ቤትሆቨን ይጠራሉ። ከነርሱ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ በቬኒስ ከተማ የኖረው ጆቫኒ ጋብሪየሊ ግን በሙዚቃ ሰዎች ዘንድ ዝነኛ ሆኖ ሳለ ከኛ መካከል ስሙን የሰማ ጥቂት ነው። ትሮምቦንና ጥሩምባ የሚነፉ ሰዎች እንደ አባት ያዩታል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን የናስ መሣሪያ ይበልጡን የሚያገለግለው ለሰልፍ፣ ለጦርነት፣ ለአዋጅ፣ ወይም የመዘምራንን ድምፅ ከሥር ለመደገፍ ነበር። ለብቻው ቆሞ እንደ ሰው የሚነጋገር፣ የሚተክዝና የሚጸልይ ሙዚቃ ከጻፉለት ጥቂት ሰዎች ዋናው ጋብሪየሊ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ጋብሪየሊ በ1550ዎቹ አጋማሽ ገደማ በቬኒስ ተወለደ። ቬኒስ በዚያን ጊዜ የማንም ንጉሥ ግዛት አልነበረችም። መኳንንቱ ከመካከላቸው መርጠው ዕድሜውን ሙሉ በሥልጣን የሚያኖሩት ዶጅ የሚባል መስፍን የሚመራት፣ በባሕር ንግድ የከበረች ሬፑብሊክ ነበረች። በከተማይቱ መካከል ያለው ታላቁ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ዘመን የጳጳስ መንበር ሳይሆን የዶጁ ቤተ ጸሎት ነበር። የጳጳሱ መንበር ራቅ ብሎ በከተማው ዳር በሚገኝ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ለታሪካችን ግን ብዙ ይፈታል። የመንግሥት በዓልና የቤተ ክርስቲያን በዓል በአንድ ጣራ ሥር ይከበር ስለነበረ፣ ሙዚቃው የጸሎት ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ጉዳይ ነበር። የውጭ አገር መልእክተኛ ሲመጣ፣ ድል ሲገኝ፣ አዲስ ዶጅ ሲሾም ቬኒስ ሀብቷን የምታሳየው በወርቅ ሞዛይክ ብቻ አልነበረም፤ በድምፅም ጭምር ነበር። ገንዘቡም ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይወጣ ነበር።

ልጁ ሙዚቃን ያገኘው በአጎቱ በአንድርያ ጋብሪየሊ ዘንድ ነው። አንድርያ ከ1566 ጀምሮ በቅዱስ ማርቆስ ኦርጋን ይመታ የነበረ፣ በዘመኑ የተከበረ ደራሲ ነው። ጆቫኒ በኋላ የአጎቱን ሥራዎች አሰባስቦ ሲያሳትም፣ ራሱን ከልጅ ትንሽ ብቻ የሚያንስ አድርጎ እንደሚቆጥር በመታሰቢያው ገጽ ላይ ገልጿል። አጎቱ ቀደም ብሎ ወደ ጀርመን ሄዶ ሙኒክ ከተማ ከታላቁ ደራሲ ከኦርላንዶ ዲ ላሶ ጋር ሠርቶ ስለነበረ፣ ወጣቱ ጆቫኒም ያንኑ መንገድ ተከተለ። እስከ 1579 ገደማ ድረስ በባቫርያው መስፍን በአልብሬኽት አምስተኛ ቤተ መንግሥት፣ በላሶ ሥር ካገለገሉት ሙዚቀኞች አንዱ ነበር። በዚያ ቤተ መንግሥት ዘማሪዎችና ነፊዎች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። አንድ ወጣት የትሮምቦንን ጠባይ ከቅርብ ለማወቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

በ1584 የቅዱስ ማርቆስ ኦርጋን መቺ የነበረው ክላውድዮ ሜሩሎ ሥራውን ትቶ ሄደ። ጋብሪየሊም በጊዜያዊነት ተተካ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1585 በቋሚነት ተሾመ። ቤተ ክርስቲያኑ በመሠዊያው ግራና ቀኝ በሰገነት ላይ የተተከሉ ሁለት ኦርጋኖች ስለነበሩት፣ አጎትና የወንድም ወይም የእኅት ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያገለገሉበት ጥቂት ወራት ነበረ። በዚያው ዓመት አንድርያ ሞተ። ለታላላቅ በዓላት አዲስ ሙዚቃ የመጻፉ ሸክም በጆቫኒ ላይ ወደቀ። እርሱም በ1587 የአጎቱንና የራሱን ድርሰቶች ባንድነት አሳተመ። ከቅዱስ ማርቆስ ሌላ፣ የሳን ሮኮ ታላቅ ማኅበር ከ1585 ጀምሮ ኦርጋን መቺው አደረገው። የዚህ ማኅበር አዳራሽ ሠዓሊው ቲንቶሬቶ ግድግዳውንና ጣራውን በሥዕል የሞላው ነው። ጋብሪየሊ እነዚህን ሁለት ሥራዎች እስኪሞት ድረስ አልለቀቃቸውም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

የቅዱስ ማርቆስ ሹማምንት በ1568 አንድ ብልህ ሥራ ሠርተው ነበር። ለየበዓሉ ነፊ ከመንገድ ከመቅጠር ይልቅ፣ ጅሮላሞ ዳላ ካዛ የተባለውን የነፋስ መሣሪያ ሊቅ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር በቋሚ ደመወዝ ያዙ። ስለዚህ ጋብሪየሊ ሥራውን ሲጀምር የሠለጠኑና አብረው መንፋት የለመዱ ሰዎች ከፊቱ ነበሩ። የሚነፉትም በተለይ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ነበር።

አንደኛው ኮርኔቶ ነው። ይህ ቃል ትንሽ ቀንድ ማለት ሲሆን፣ መሣሪያው ከእንጨት ተቦርቡሮ በጥቁር ቆዳ የተለበጠ፣ ጎበጥ ያለ፣ እንደ ዋሽንት የጣት ቀዳዳዎች ያሉት ነው። የሚነፋው ግን እንደ ጥሩምባ ከንፈርን በትንሽ ጽዋ መሰል አፍ ላይ አስጠግቶ በማርገብገብ ነው። ከናስ ሳይሠራ ከናስ ወገን የሚቆጠረው ስለዚህ ነው። ድምፁ ለሰው ድምፅ እጅግ የቀረበ ነበር ይባላል፤ የነፊውን ከንፈር ግን ያለ ርኅራኄ ያደክማል። ሁለተኛው ትሮምቦን ነው። የዚያን ዘመን ትሮምቦን ከዛሬው ቀጠን ያለና አፉ የጠበበ ነበር። ነፊው ተንሸራታቹን ቧንቧ በክንዱ እየሳበና እየመለሰ የፈለገውን ድምፅ፣ ግማሹንም ሳይቀር፣ ከዘማሪው ጋር አስማምቶ ያወጣ ነበር።

ጥሩምባስ ወዴት ነበረ? ጥሩምባ ነበረ፤ ዶጁ በሰልፍ ሲወጣ ረጃጅም የብር ጥሩምባዎች ይቀድሙት ነበር። ዳሩ ግን የዚያን ጊዜ ጥሩምባ ቁልፍ የሌለው ቀጥተኛ ቧንቧ በመሆኑ የሚሰጠው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው። መለከትና እምቢልታ የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እምቢልታ ነፊው በድርሻው ያለችውን አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚሞላው ጓደኞቹ በየተራቸው የየራሳቸውን ሲጥሉበት ነው። ቁልፍ ያለው ጥሩምባ የተገኘው ከጋብሪየሊ ሞት ሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ በጋብሪየሊ የናስ ሙዚቃ ውስጥ የላይኛውን ዜማ የሚይዘው ጥሩምባ ሳይሆን ኮርኔቶ ነው።

አሁን አንባቢ ራሱን በዚህ ሰው ቦታ ያስቀምጥ። ስምንት ነፊዎች ተሰጥተውሃል፤ ጻፍ ተብለሃል። የመጀመሪያው ችግር ትንፋሽ ነው። ቫዮሊን መቺ ደጋኑን ሲመላልስ ሊውል ይችላል፤ ነፊ ግን መተንፈስ አለበት። የት እንደሚተነፍስ ያላሰበ ደራሲ ዜማውን በመካከል ያስቆርጠዋል። ሁለተኛው ከንፈር ነው። ከፍ ያለ ድምፅ ረዘም ላለ ጊዜ የተጻፈለት ነፊ መጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎም ጨርሶ ይጠፋል። ይህ በልምምድ ብዛት የሚወገድ ነገር አይደለም፤ ሥጋ ነውና። ሦስተኛው፣ የናስ መሣሪያ ከፍና ዝቅ ከማለቱ ጋር ጉልበቱም ይለዋወጣል። ወደ ላይ ሲወጣ ይጮኻል፤ በዝቅተኛው ስፍራ በቀላሉ ይለሰልሳል። ከፍ ባለ ድምፅ በለሆሳስ ንፋ ብሎ መጻፍ ለወረቀት ቀላል ነው፤ ለሰው ግን ጭንቅ ነው። አራተኛውና ብዙዎች የማያስቡት፣ የድምፁ ቀለም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ስምንት ትሮምቦን አንድ ላይ ሲነፉ ለጥቂት ጊዜ ልብ ያስደነግጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን የማንኛው ዜማ የት እንዳለ መለየት ያስቸግራል፤ ጆሮም ይሰለቻል።

በዚህ ሁሉ ላይ ሕንጻው ራሱ ይጨመራል። የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አምስት ጉልላት ያለው፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ፣ በድንጋይና በሞዛይክ የተለበጠ ነው። አንድ ጊዜ የተነፋ ድምፅ ነፊው አፉን ካነሣ በኋላም ጉልላት ለጉልላት ሲዞር ይቆያል። ፈጠን ያለ ዜማ የጻፈ ደራሲ የመጀመሪያው ድምፅ ሳይሞት ሦስተኛው ይደርስበታል፤ ውጤቱም ሁካታ ነው።

ነፊዎችንና ዘማሪዎችን በሁለት ወገን ከፍሎ በሰገነቶቹ ላይ ፊት ለፊት ማቆም ጋብሪየሊ የፈጠረው ልማድ አይደለም። ከርሱ በፊት በዚያው ቤተ ክርስቲያን አድርያን ቪላርት ለሁለት ወገን የሚዘመር መዝሙር በ1550 አሳትሞ ነበር። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው፣ ደብተሮቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ሲቀበል የሰማ ሰው፣ የነገሩ ጣዕም ይገባዋል። ልዩነቱ ቬኒሳውያኑ ብዙ የተለያየ ድምፅ ባንድ ጊዜ የሚያሰሙ መሆናቸው ነው፤ ችግሩም ከዚህ ይመጣል። ከ1565 ጀምሮ የቅዱስ ማርቆስ የሙዚቃ ኃላፊ የነበረው ጆዜፎ ዛርሊኖ፣ በ1558 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ስለዚሁ ሕግ አውጥቶ ነበር። እያንዳንዱ ወገን ብቻውን ቢሰማ ሙሉ ሆኖ መገኘት አለበት፤ ሁለቱ ወገኖች ባንድነት ሲያሰሙም የሁለቱ የታችኛ ድምፆች ተስማምተው አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይገባል። ምክንያቱም ከግራው ወገን አጠገብ የቆመ ምእመን የሚሰማው የግራውን የታችኛ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ መሠረቱን የማይዝ ከሆነ፣ በሩቅ ያለው ሰው ደስ የሚል ሙዚቃ እየሰማ በቅርብ ያለው ሰው የተበላሸ ይሰማል። የናስ ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው ኖታውን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ሰሚ የቆመበትን ድንጋይ ማሰብ ነበረበት።

ጋብሪየሊ ለዚህ ሁሉ የሰጠው መልስ በ1597 ታተመ። መጽሐፉ በላቲን ሳክሬ ሲምፎንዬ ይባላል። አብዛኛው የዘማሪ ድርሰት ሲሆን 16ቱ ግን ያለ ሰው ድምፅ በመሣሪያ ብቻ የሚሰሙ ናቸው፤ 14 ካንዞናና 2 ሶናታ። ከሁለቱ ሶናታዎች አንዱ ስሙን ከጠባዩ ያገኘ፣ በለሆሳስና በኃይል የሚል ርእስ ያለው ነው፤ በኢጣልያንኛ ሶናታ ፒያን ኤ ፎርቴ።

ይህ ሶናታ ለስምንት ድምፅ በሁለት ወገን የተጻፈ ነው። በአንደኛው ወገን አንድ ኮርኔቶና ሦስት ትሮምቦን፣ በሁለተኛው ወገን አንድ ቫዮሊንና ሦስት ትሮምቦን አሉ። ቫዮሊን የተባለውም ድምፁ ወደ ታች የሚወርድ፣ ዛሬ ቪዮላ ወደምንለው የቀረበ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ የኮርኔቶው ወገን በዝግታና በለሆሳስ ይጀምራል። ሲጨርስ ሁለተኛው ወገን ከወዲያ ማዶ በለሆሳስ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱ ባንድነት በኃይል የሚያሰሙት። ቀጥሎ ንግግራቸው እያጠረ ይሄዳል፤ አንዱ ትንሽ ሲል ሌላው ይመልሳል፤ ወዲያው ይገናኛሉ፤ ደግሞ ይለያያሉ። በመጨረሻም ስምንቱ በሙሉ ኃይል ይዘጋሉ።

ብልሃቱን እንመልከት። አንዱ ወገን ሲነፋ ሌላው ዝም ይላል። ይህ ለሰሚ ውበት ነው፤ በኔ አስተያየት ግን ለነፊ ምሕረት ጭምር ነው። በዚያ ዝምታ ትንፋሽ ይመለሳል፤ ከንፈር ያርፋል። ለሆሳሱም ቢሆን የነፊውን ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ አይደለም። ስምንት ሰው አራት ሲሆን ድምፁ ራሱ ይቀንሳል፤ አራቱ ስምንት ሲሆኑ ራሱ ያድጋል። ደራሲው ምልክቱን የጻፈው የነፊዎቹ ቁጥር በሚለዋወጥበት ቦታ ላይ ነው፤ ጽሑፉና ተፈጥሮው አልተጣሉም። የሙዚቃው እርምጃ ዝግ ያለ መሆኑም ለጉልላቱ ጊዜ ይሰጠዋል። የድምፁ ቀለም አንድ ዓይነት እንዳይሆን ደግሞ የአንዱን ወገን ራስ ኮርኔቶ፣ የሌላውን ራስ ባለ አውታር መሣሪያ አደረገው። ስድስቱ ትሮምቦኖች በመካከልና በሥር ይቆማሉ፤ ጆሮ ግን ግራውን ከቀኙ በራሱ ይለያል። ካንዞናዎቹ ይልቅ ፈጠን ይላሉ፤ በነርሱም ውስጥ አንድ ረጅምና ሁለት አጫጭር ድምፅ ያለው መነሻ እየተመላለሰ ይሰማል። እንዲህ ያለው ቁርጥ ያለ መነሻ በማስተጋባት መካከል እንኳ አዲስ ድምፅ መግባቱን እንደ በር ማንኳኳት ያስታውቃል።

ስለዚህ ሶናታ ብዙ መጻሕፍት ጋብሪየሊ መሣሪያዎቹን በስማቸው የጠራ የመጀመሪያው ደራሲ ነው ይላሉ። ይህ ትንሽ ተጋንኗል። በ1589 በፊረንዜ ለሜዲቺ ቤተ ሰብ ሠርግ የቀረበው ሙዚቃ በ1591 ሲታተም የትኛው መሣሪያ የት እንደተመታ አብሮ ተገልጾ ነበር። ጋብሪየሊን የሚያስመሰግነው ፊተኛ መሆኑ ሳይሆን ነገሩን የድርሰቱ አካል ማድረጉ ነው። በዚያ ዘመን የሚታተሙት ብዙዎቹ መጻሕፍት ለዘማሪም ለማናቸውም ዓይነት መሣሪያም ይሆናሉ ተብለው ይሸጡ ነበር፤ ምርጫው የሚነፋውና የሚመታው ሰው ነበር። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ገበያው ሰፊ ነው። ጋብሪየሊ ግን በአንዳንድ ድርሰቱ ላይ ይህ ድምፅ የኮርኔቶ ነው፣ ይህ የትሮምቦን ነው ብሎ ሲወስን፣ ያ መሣሪያ የሌለው ከተማ ድርሰቱን እንዳሰበው አያሰማውም። ይህን እያወቀ ማድረጉ ድፍረት ነው። በዚህ ላይ በዚያ ጊዜ ሁሉም ድምፅ ባንድ ገጽ ላይ አይታተምም ነበር። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድርሻ ብቻ የያዘ መጽሐፍ ከፊቱ ያስቀምጣል፤ ጓደኛው ምን እንደሚነፋ አያይም። ስለዚህ የለሆሳስና የኃይሉ ምልክት በየመጽሐፉ፣ በየቦታው መታተም ነበረበት።

ሌላም ጉዳይ አለ። ዳላ ካዛ በ1584 ያሳተመው መጽሐፍ ነፊ አንድን ረጅም ድምፅ እንዴት ወደ ብዙ ፈጣን ድምፆች ሰባብሮ ማስጌጥ እንደሚችል የሚያስተምር ነው። ዳላ ካዛ በ1601 ሲሞት የነፊዎቹ አለቃ የሆነው ጆቫኒ ባሳኖም በ1585 ይህንኑ የመሰለ መጽሐፍ አውጥቷል። እንግዲህ ጋብሪየሊ ይጽፍላቸው የነበሩት ሰዎች ኖታን እንደ ተጻፈ መንፋትን እንደ ድህነት የሚቆጥሩ ሊቃውንት ነበሩ። አንድ ሊቅ ብቻውን ሲያስጌጥ ደስ ያሰኛል፤ ስምንቱ ባንድ ጊዜ ቢያስጌጡ በዚያ ጉልላት ሥር ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ጋብሪየሊ ዕድሜው እየገፋ በሄደ ቁጥር በኮርኔቶዎቹ ድርሻ ውስጥ ፈጣኑን ጌጥ ራሱ እየጻፈ፣ በቦታ በቦታው እየወሰነ መጣ። ችሎታቸውን አልናቀም፤ እንዲያውም ያለነርሱ ያን የመሰለ አስቸጋሪ ነገር ለመጻፍ ባልደፈረም ነበር።

በዚያው በ1597 መጽሐፍ ውስጥ ለ15 ድምፅ በሦስት ወገን የተጻፈ አንድ ካንዞና ይገኛል። ከአሥራ አምስቱ 12ቱ ትሮምቦን ናቸው። ብዛትን ብቻ የሚወድ ሰው ይህን ይመርጥ ይሆናል። እኔ ግን ከስምንቱ ሶናታ አላስበልጠውም፤ ግርማ አለው፤ የሶናታውን ያህል ግን ልብ አይነካም።

በ1608 ቶማስ ኮርያት የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛ ለቅዱስ ሮኮ በዓል በነሐሴ ወር ቬኒስ ተገኝቶ፣ በማኅበሩ አዳራሽ የሰማውን በጉዞ መጽሐፉ ጽፏል። ጋብሪየሊ ያን ጊዜ የማኅበሩ ኦርጋን መቺ ነበር፤ መንገደኛው ግን የደራሲውን ስም አልጠቀሰም። አሥር ትሮምቦን፣ አራት ኮርኔቶና ሁለት ትልልቅ ባለ አውታር መሣሪያዎች ባንድነት ሲያሰሙ፣ ሰባት ኦርጋኖችም በተርታ ተደርድረው አይቷል። ሙዚቃው ሦስት ሰዓት ያህል ቆየ። ሰውዬው ለዚያ በዓል ሲል ብቻ መቶ ማይል በእግሩ ቢሄድ እንኳ እንደማይቆጨው የሚገልጽ ቃል አስፍሯል። የአሥር ትሮምቦን ነፊዎችን ከንፈር ለሦስት ሰዓት ማቆየት የሚቻለው ዕረፍታቸውን አብሮ የጻፈ ደራሲ ሲኖር ነው።

ዝናው ከአልፕስ ተራሮች ማዶ ከተሰማ በኋላ ከሰሜን አገር ወጣቶች ይላኩለት ጀመር። የዴንማርክ ንጉሥ ክርስትያን አራተኛ ሙዚቀኞቹን ወደርሱ ሰደደ። ከሁሉም የበለጠው ተማሪ ግን በ1609 የመጣው ጀርመናዊ ሃይንሪኽ ሹትስ ነው። ሹትስ ሕግ ለማጥናት የተሰናዳ ወጣት ነበር። የሄሰን ካሰሉ መስፍን ሞሪትስ፣ ስመ ጥሩው ጋብሪየሊ ሸምግሏልና ሳይሞት ድረስበት ብሎ ወጪውን ችሎ ላከው። መስፍኑ እውነት ነበረው። ጋብሪየሊ ከ1606 ገደማ ጀምሮ በሽታ እየደጋገመው በኦርጋኑ ላይ ምትክ ሰው ይቆምለት ነበር። ሹትስ ሦስት ዓመት ተቀመጠ፤ በ1611 የመጀመሪያ መጽሐፉን በቬኒስ አሳተመ። ጋብሪየሊ ነሐሴ 12 ቀን 1612 በኩላሊት ጠጠር ሕመም ሞተ። ከቀለበቶቹ አንዱን ለሹትስ እንዲሰጡት ተናዞ ነበር። ሥጋው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ሳይታተሙ የቀሩት ድርሰቶቹ በ1615 በሁለት መጽሐፍ ወጡ። በመሣሪያው መጽሐፍ ውስጥ ከሦስት ድምፅ ጀምሮ ለ22 ድምፅ በአምስት ወገን እስከ ተጻፈ ሶናታ ድረስ ይገኛል። በዘማሪዎቹ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ኢን ኤክሌዚስ የተባለው መዝሙር ደግሞ ሦስት ኮርኔቶ፣ አንድ ቫዮሊንና ሁለት ትሮምቦን ከዘማሪዎች ጋር የሚያነጋግር ነው። በዚህ መዝሙር ውስጥ ነፊዎቹ ለብቻቸው የሚያሰሙት አጭር ክፍል አለ። ያን ጊዜ ዘማሪው ዝም ብሎ ናሱ ሲጸልይ ይሰማል።

ከርሱ በኋላ ጊዜው ተለወጠ። በ1613 ሞንቴቬርዲ የቅዱስ ማርቆስ የሙዚቃ ኃላፊ ሆነ፤ የሰው ፍላጎትም ወደ ነጠላ ዘማሪና ወደ ቫዮሊን አዘነበለ። ሹትስ በ1628 ወደ ቬኒስ ሲመለስ ሙዚቃው ሌላ ሆኖ አገኘው፤ ሳያፍርም አዲሱን ተማረ። በ1629 ግን ያንኑ የመምህሩን ርእስ ለመጽሐፉ ሰጥቶ በዚያው በቬኒስ አሳተመ። በውስጡም ዳዊት ለልጁ ለአቤሴሎም ያለቀሰውን ልቅሶ ለአንድ ወፍራም ድምፅ ዘማሪና ለአራት ትሮምቦኖች ጽፎ አስገባ። ከዚያ በኋላ ኮርኔቶ እየቀረ ሄደ፤ ነፊው ሲጠፋ ድርሰቱም ተዘጋ። መሣሪያውን በስም ወስኖ የጻፈ ደራሲ የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው። ጋብሪየሊን ከመጻሕፍት ቤት አቧራ ያወጣው ካርል ፎን ቪንተርፌልድ የተባለ ጀርመናዊ ዳኛ ሲሆን፣ ስለርሱና ስለ ዘመኑ የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ በ1834 አሳተመ።

ድምፁ በሕዝብ ጆሮ በሰፊው የተሰማው ግን በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። በ1951 በእንግሊዝ አገር ፊሊፕ ጆንስ የናስ መሣሪያዎች ቡድን አቋቋመ፤ እርሱና እርሱን የመሰሉ ቡድኖች ጋብሪየሊን የዘወትር ምግባቸው አደረጉት። በ1968 የፊላደልፍያ፣ የክሊቭላንድና የሺካጎ ኦርኬስትራዎች የናስ ነፊዎች ተሰብስበው ካንዞናዎቹን በሸክላ አስቀረጹ። ዛሬ ድርሰቱን የሚያነሡ ነፊዎች በዋሽንት ቀዳዳ ፈንታ ቁልፍ፣ በጠባቡ ትሮምቦን ፈንታ አፉ የሰፋ ትሮምቦን ስላላቸው፣ በኃይል የተባለው ምልክት ያለ ድካም ይሆንላቸዋል፤ የሚያስጨንቃቸው በለሆሳስ የሚለው ነው። የኮርኔቶውን ድርሻ ለጥሩምባ የሚሰጡ አሉ። አንዳንዶች ድምፁ ለስለስ ላለው ለፍሉግልሆርን ይሰጡታል። ሌሎች ደግሞ በቆዳ የተለበጠውን የእንጨት ኮርኔቶ እንደ ጥንቱ አሠርተው ከንፈራቸውን እንደ ጀማሪ ከመጀመሪያው ያለማምዳሉ።